ስልክ መራጯ ቴዳ

በሰሜን ጀርመን፣ ሌር ከተማ ውስጥ የእጅ ስልክ የማይዝ አንድ ሰው ፈልጋችሁ አምጡ ብትባሉ ቴዳ ኦልትማንስን ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ያገለገለ ስልክ የሚመርጥልኝ አዋቂ አምጡ ብትባሉም ይዛችሁ የምትመጡት እሷኑ ነው። ጉድ እኮ ነው! ስድሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቤቷ ያለው ባለ ሽቦ ስልክ ብቻ ነው። ለምን አትይዢም ሲሏት፣ «አርባ ዓመት ሙሉ ስልክ ሳዳምጥ ኖሬያለሁ፤ አሁን ደግሞ ስልክ እኔን ያዳምጠኝ?» ትላለች።

በወር ሁለት ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የጥገና ቀን አለ። የተበላሸ ዕቃ ያለው ይዞ ይመጣል፣ የሚችል ይጠግንለታል፤ ክፍያ የለም፣ ሻይ ግን አለ። ኤኖ የሚባለው፣ መርከብ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረው ጡረተኛ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የዳቦ መጥበሻና የፀጉር ማድረቂያ ይፈታል። ቴዳ ከመስኮቱ ሥር ናት። የሷ ሥራ ለየት ይላል። አዲስ ስልክ መግዣ ያጣ ሰው፣ ወይም ስልኩ ውሎና አዳሩን ለማያውቀው ኩባንያ ሲያሳብቅበት የመረረው ሰው ወደሷ ይመጣል። እሷ ያገለገለ ስልክ ትመርጥለታለች፤ ፋብሪካው የጫነበትንም ከሥሩ ነቅላ በጎ ፈቃደኞች የሠሩትን፣ ወሬ የማያቀብለውን ሌላ ሥርዓት ትጭንበታለች። ስትጨርስ «ይኸው፣ አፉን ዘጋሁት» ብላ ትሰጠዋለች።

ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ሁሉም ስልክ ይህን አይቀበልም። ሁለት ስልኮች ስማቸው አንድ፣ መልካቸው አንድ ሆኖ፣ ከሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ያለችው አንዲት ፊደል ትለያለች፤ በዚያች ፊደል ምክንያት አንዱ እሺ ይላል፣ ሌላው እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ቴዳ የሚቀበሉትን ስልኮች ዝርዝር በወረቀት አትማ በልብስ መቆንጠጫ ይዛዋለች። ገበያ ስትሄድ ማጉያ መነጽር ትይዛለች፣ ፊደሏን ለማንበብ። ስልኩን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አጋድማ በጣቷ ታሾረዋለች፤ ከሾረ ባትሪው አብጧል ማለት ነው፣ አትገዛውም። ጀርባው ተጭሮ ካየች ደስ ይላታል፤ ጭረት ሥራ አይከለክልም፣ ዋጋ ግን ያወርዳል። በመጨረሻ ማስተካከያው ውስጥ ትገባና የሥሪት ቁጥሩን ሰባት ጊዜ መታ መታ ታደርጋለች። ሰባተኛው ላይ የተደበቀ ዝርዝር ይወጣል፤ እዚያ ውስጥ አንዲት ማብሪያ አለች። ማብሪያዋ ከታዘዘች ስልኩ ይከፈታል። ደብዝዛ አልነካም ካለች ሻጩን አመስግኖ መንገድን መቀጠል ነው። ለዚህም ነው ጠፍቶ የሚሸጥ ስልክ ዞር ብላ የማታየው።

ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው «የመረጥሽልኝ አልሠራም» ብሎ ተመልሶ አልመጣባትም። ይህንንም ለመናገር አታፍርም። ኤኖ፣ «ነገ ደግሞ ሐውልት እናቆምልሻለን» እያለ ሲያሾፍባት፣ «ከቆመ አይቀር አንገቱ ቀና ያለ ይሁን» ብላ ትመልስለታለች።

ኩራቷ ግን የስልክ ምርጫ ብቻ አይደለም። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ጎረቤት ከተማ ኤምደን ፖስታ ቤት፣ የስልክ ብልሽት መመርመሪያ ክፍል ተቀጠረች፤ ያኔ ስልክም በፖስታ ቤት ሥር ነበር። በመጀመሪያው ቀን አለቃው ቀኝ እጇን አስነስቶ አስማላት፦ መስመር ላይ የሰማችውን ለማንም ላትናገር፣ ለገዛ ራሷም ጥቅም ላታውለው። ሌሎቹ ልጆች መሐላውን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ረሱት። ቴዳ ግን የማለችው ከልቧ ነበር።

ፈተናው ብዙ አልቆየም። ሃያ ዓመት እንደሞላት አንድ የሚንኮሻኮሽ መስመር ስትመረምር የሰው ድምፅ ጆሮዋ ገባ። የእጮኛዋ የሃርም ድምፅ ነው። ከማን ጋር እንደነበርና ምን እንዳለ እስከ ዛሬ ከአፏ አልወጣም፤ መገመት ግን ማንም ይችላል። መስመሩን ዘጋች፣ መዝገቡ ላይ «መስመር ደህና» ብላ ጻፈች። ራሱ ይነግረኛል ብላ ሦስት ወር ጠበቀችው። አልነገራትም። ቀለበቱን መለሰችለት፤ ቀለበት መመለስን እንኳ መሐላው አይከለክልም። «ምን በደልኩሽ?» ሲላት፣ «ሐሳቤን ቀየርኩ» አለችው። ከተማው በሙሉ በሷ ፈረደ፤ የወለደቻት እናቷ ሳትቀር ልበ ደንዳና አለቻት። አንዲት ቃል ብትተነፍስ እኮ ነፃ ትወጣ ነበር! ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ኖረች፤ በዚህ ነገር ተጸጽታ ያያት ሰው ግን የለም።

እንግዲህ በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ፣ ኢንሳ የምትባል ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆናት ሴት ወደ አዳራሹ መጣች። የቴዳ ጠረጴዛ ሰው እስኪያልቅበት ግድግዳ ተደግፋ ጠበቀች። ከዚያ ምግብ በሚጠቀለልበት ብርማ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ከቦርሳዋ አውጥታ አስቀመጠች።

«ሞይን» አለቻት ቴዳ። ሰላምታችን ጠዋትም ማታም ይኸው ነው። «ምን ጠቅልለሽ ነው የመጣሽው፣ ዓሣ ነው?»

«ስልኬ ነው።»

«ምን ሆነ?»

«እሱ ምንም አልሆነ። ያዘጋጀልኝ ባሌ ነው፤ አካውንቱም የሱ፣ ፓስዎርዱም የሱ። እህቴ ጋ ሄድኩ፣ መጣ። ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ፣ እዚያም መጣ። አሁን የሴቶች መጠለያ ውስጥ ነኝ፤ ስልኩን አጥፍቼ ምልክት እንዳይሰጥ ከጠቀለልኩት ሦስት ሳምንት ሆነኝ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ረቡዕ ጠዋት በባቡር እሄዳለሁ። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ቤት ለቤት እየዞሩ አረጋውያን ማስታመም። የምሄድበትን ቤት አድራሻ በየቀኑ በስልክ ነው የሚልኩት። ያለ ስልክ ከሄድኩ ሥራው የለም። ይህን ካበራሁት ደግሞ … እርስዎ ያውቁታል።»

ኤኖ ከበሩ በኩል ጆሮውን ጥሎ ኖሮ፣ «ቁልፍ ያለውን ተራ ስልክ ስጫት እንጂ፣ ምን ያስጨንቅሻል!» አለ።

«አንተ መጥበሻህን ጥበስ!» አለችው ቴዳ። «ካርታና የሥራ ዝርዝር በተራ ስልክ ይመጣል? ስንት አለሽ የኔ ልጅ?»

«ሰማንያ ዩሮ።»

«በሰማንያ እንገዛለን፣ ለሻይም ይተርፍሻል። ማክሰኞ ማታ ስልክሽ እጅሽ ላይ ነው። አንቺ ሻንጣሽን አዘጋጂ።»

ኢንሳ ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ቴዳም ቃል ስትሰጥ እንደ ልማዷ ደረቷን ነፋ አድርጋ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ድሮ ከብት በሚሸጥበት ሜዳ ላይ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ቆመ። ቴዳ ከዝናቡ ጋር እየታገለች ሁለት ሰዓት ዞረች። አንዱ ስልክ ፊደሉ አልገጠመም። አንዱ ጠረጴዛ ላይ እንደ እንዝርት ሾረ። አንዱን ደግሞ ሰባት ጊዜ መታ መታ ብታደርገው ማብሪያዋ ደብዝዛ ዝም አለቻት። ተስፋ ልትቆርጥ ስትል፣ ጥግ ላይ ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ረዥም ሰው አየች። ፊት ለፊቱ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ሁለት የባሕር ካርታና አንድ ስልክ ዘርግቷል።

«ሞይን» አለ ሰውየው። አንድ ጊዜ ብቻ። እኛ ዘንድ «ሞይን ሞይን» ብሎ የሚደግም ሰው ለፍላፊ ነው ይባላል፤ ቴዳም ገና ከሰላምታው ወደደችው።

ስልኩን አነሳች። በማጉያው አየችው፤ ፊደሏ ልክ ናት፣ ዝርዝሩ ላይ አለች። ልታሾረው ሞከረች፣ አልሾረም። ጀርባው ላይ ደህና አድርጎ የተጫረ ጭረት አለ። 

«ጠፍቷል እንዴ?»

«ባትሪውን ሆን ብዬ ነው የጨረስኩት» አለ ሰውየው። «ውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሻለሁ። ሁለት ጊዜ! ሰው የራሱን ነገር ለማያውቀው አሳልፎ አይሰጥም።»

«ትክክል። አንድ ነገር ቢያስቸግረኝ ግን የት አገኝዎታለሁ?»

«ይቅርታ እመቤቴ፣ ስሜን ለማንም አልሰጥም።»

«እኔም የኔን አልሰጥም!»

«እንግዲያው ተግባባን» አለ። ቴዳ ሳቀች። በስድሳ አምስት ዩሮ ተስማሙ፤ ከእጅ ወደ እጅ፣ ያለ ደረሰኝ፣ ያለ ስም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጠፍቶ የቀረበን ስልክ ጥላ ትሄድ ነበር። የዚያን ዕለት ግን የራሷን ወንድም ያገኘች መሰላት። ለራሱ ገመና እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ሥራውንም አያበላሽም ብላ፣ ስልኩን ኪሷ ከታ በብስክሌቷ እያፏጨች ቤቷ ገባች።

ቻርጀር ሰካችው፣ በራ። ሰላምታ ሰጣት፣ ቋንቋ ጠየቃት፣ ኢንተርኔት ጠየቃት። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር አወጣ፦ ቀድሞ እዚህ ስልክ ላይ የነበረውን አካውንት ያስገቡ።

ቴዳ ሞቼ ነው ቆሜ አለች። ነገሩ ወዲያው ገባት። ይህ የሌባ መከላከያ ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ አካውንቱን ሳያወጣ ስልኩን ከደመሰሰው፣ ስልኩ ተሰረቅሁ ብሎ ያስብና የድሮ ጌታውን ፓስዎርድ ካልሰጣችሁኝ ብሎ ይቆልፋል። ያ ጥንቁቅ ሰው ለገመናው ተቻኩሎ ሁለት ጊዜ ሲደመስስ ቁልፉን ላዩ ላይ ትቶት ሄዷል። ስሙ አይታወቅ፣ አድራሻው አይታወቅ! እሱ አልነገራት፣ እሷ አልጠየቀች፤ ሁለቱም በዚያ ሲኮሩ ነበር። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይህ ነው። ስድስት ዓመት ያልተሳሳተች ሴት የተሳሳተችው በማን ቀን ነው? በኢንሳ ቀን።

ጎኑ ላይ ያለችውን የሲም ማስቀመጫ በመርፌ ስታወጣት ደግሞ ሌላ ነገር ተገኘ። የጣት ጥፍር የምታህል ሚሞሪ ካርድ። ሰውየው ሁሉንም ደምስሻለሁ ሲል እሷን ረስቷታል።

ሰኞ ጠዋት ኤኖንና ኢንሳን ወጥ ቤቷ ጠርታ ሻይ ቀዳች። በአገራችን ሻይ ስኒ ውስጥ የሚገባው እንደ ድንጋይ ያለ ስኳር ጠሽ ሲል ሰምታ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቀችም።

«ተሳስቻለሁ» አለች። «ጠፍቶ የነበረ ስልክ ገዛሁ። ተቆልፏል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ የማንም አይደለም።»

 ኢንሳ ስኒዋን አስቀመጠች። «ረቡዕ ነው የምሄደው» አለች ብቻ።

«ሌላ ግዢላት» አለ ኤኖ።

«ገበያው ትናንት አለፈ። በፖስታ ባዝ ከረቡዕ በኋላ ነው የሚደርሰው። ሱቁ በቀረው ገንዘብ አይሸጥም፤ ቢሸጥም ዝርዝሬ ላይ ያለ የለውም፣ ጠይቄያለሁ።»

«እንግዲያው ካርዷን ክፈቻታ!» ኤኖ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ሚሞሪ አመለከተ። «ላፕቶፕሽ ውስጥ ሰክተሽ ሁለት ፎቶ ብታዪ ሰውየው ማን እንደሆነ ይታወቃል። የቤቱ በር ይኖራል፣ የጀልባው ስም ይኖራል። አምስት ደቂቃ አይፈጅም!»

«አልከፍትም።»

«ቴዳ! ይህ እኮ ፖስታ ቤቱ አይደለም! ጡረታ ወጥተሻል! ማንም ሰምቶ አይከስሽም!»

«ከሳሽ ፈርቼ ነው እንዴ አምሳ ዓመት አፌን የዘጋሁት?» ቴዳ ተቆጣች፤ ጉንጯ ቀላ። «ያ ሰው ደምስሼዋለሁ ብሎ ነው የሸጠልኝ። ረስቶት ነው እንጂ ፈቅዶልኝ አይደለም።»

«ይህች ልጅስ? ያለ ስልክ ትሂድ? ሥራዋን ትጣ?»

 እውነቱን ለመናገር፣ የቴዳ እጅ ካርዷ አጠገብ ነበር። አንድ ጊዜ፣ ለአንዲት ደቂቃ፣ ለመልካም ነገር ብላ ማየት … ልቧ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ዞር ብላ ኢንሳን አየቻት። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ኢንሳ ካርዷን ብዙ አየቻት።  ከዚያ፣ «ባሌም ስልኬን ሲፈትሽ ለደኅንነትሽ ብዬ ነው ይል ነበር» አለች። «አይክፈቷት።»

ከዚያ ወዲያ ኤኖ አልተከራከረም። ተነሥቶ ፖስታ ፈልጎ አመጣ፤ ካርዷን ከተቱ፣ በፕላስተር አሸጉት፣ በፕላስተሩ ላይ እሱና ቴዳ ፈረሙበት። ቴዳ ደግሞ ቁጭ ብላ እንዲህ ስትል ጻፈች፦

«እሑድ ዕለት ስሙን ሳይነግረኝ ስልክ የሸጠልኝ ጨዋ ሰው ሆይ፦ አካውንትዎ ላዩ ላይ ቀርቷል፤ አንዲት ካርድም ረስተዋል፣ አልታየችም። ስልኩን በጣም የሚያስፈልጋት ሰው አለች። ማክሰኞ በአሥር ሰዓት የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይምጡ። ስምዎን አንጠይቅም። ሻይ አለ።»

አሥራ አራት ጊዜ ገለበጠችው። በዳቦ ቤቱ፣ በዓሣ ሻጩ፣ በቤተ መጻሕፍቱ፣ በሻይ ቅጠል መሸጫው መስኮት ላይ ለጠፈችው። ሌር ውስጥ ከዳቦ ቤት መስኮት የሚፈጥን ጋዜጣ የለም። ዳቦ ሻጯ፣ «መልኩን ንገሪኝ፣ አሁኑኑ ማን እንደሆነ እነግርሻለሁ» አለቻት። ቴዳ፣ «መምጣት የሱ ፈንታ ነው» ብላ ወጣች።  ባይመጣስ? ኩራቷን ይዛ ኢንሳን ያለ ስልክ ባቡር ላይ ልታሳፍራት ነው። ሌሊቱን ሙሉ ይህንን ስታመነዥክ አደረች።

ማክሰኞ አሥር ሰዓት አዳራሹ ሞላ። የጥገናው ሰዎች ኤኖን ጨምሮ አሥራ ሁለት ሆነው መጡ፤ ሥራ ኖሮባቸው አይደለም፣ ነገሩን ሰምተው ነው። ኢንሳ ሻንጣዋን ይዛ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ሻይ ተቀዳ። እኛ ዘንድ ሦስት ስኒ መብት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንኪያውን ስኒው ውስጥ ያቆመ ሰው በቃኝ ማለቱ ነው። ሦስተኛው አለቀ። በሩ አልተከፈተም። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ማንም ማንኪያ አላቆመም፤ አራተኛ፣ አምስተኛ ተቀዳ። ኤኖ ቀልድ ጀምሮ መሐል ላይ ተወው። ቴዳ በሩን እያየች፣ «ይመጣል» አለች፤ የሚያምናት አልነበረም፣ እሷም ራሷን አላመነችም።

ከአሥራ አንድ ተኩል ጥቂት አለፍ ሲል በሩ ተከፈተ። ቢጫ ካፖርት፣ ከላይ እስከ ታች ውሃ የሚያንጠባጥብ።

«ሞይን።»

«ሞይን» አሉ አሥራ አራት ሰዎች ባንድ አፍ።

ሰውየው ካፖርቱን ሳያወልቅ ቆመ። «ካርዷ?»

ቴዳ ፖስታውን ሰጠችው። ፕላስተሩን አገላብጦ አየ፣ ፊርማዎቹን አየ። «አልተከፈተም» አለ ለራሱ ያህል። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ሰው ሁሉ አይቶታል ብዬ ነበር። አፍሬ ነው የዘገየሁት፤ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት አንድ ሰዓት ቆሜያለሁ።»

«እኛ?» ቴዳ ወገቧን ያዘች። «ጌታዬ፣ እኛን ማን አድርገውን ነው?»

ሰውየው ፊቱ ተፈታ። ፖስታውን ደረት ኪሱ ከተተ። ካርዷ ላይ ምን እንዳለ እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም፤ ማንም አልጠየቀም። «ያምጡት ስልኩን፣ ፓስዎርዴን ላስገባ» አለ። ጣቱን ወደ ስልኩ ልኮ ግን ቆመ። በዙሪያው አሥራ አራት ሰው ቆሞ ያየዋል። ጉሮሮውን ጠረገ። «እንደው … ካላስቸገርኩ …»

ቴዳ ነገሩ ገባት። «ዙሩ!» አለች።

ሁሉም ዞሩ። አሥራ አራት ሰው፣ ከነስኒው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ! ቄሱ ድንገት ብቅ ብለው ቢያዩ ኖሮ አዳራሹ አብዷል ይሉ ነበር። ኤኖ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእሳት አደጋ መመሪያ፣ «አንደኛ፣ አይደናገጡ። ሁለተኛ፣ በሩን ይዝጉ» እያለ በሙሉ ድምፁ ማንበብ ጀመረ፤ ኢንሳ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ስትስቅ ተሰማች። ቴዳም ዞራ ግድግዳውን እያየች፣ ከኋላዋ የጣት መታ መታ እየሰማች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አርባ ዓመት በሠራችበት ፖስታ ቤት ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ጨዋነት አላየችም። እነዚህ ሰዎች የኔ ሰዎች ናቸው አለች በሆዷ።

«ጨርሻለሁ» አለ ሰውየው። «አካውንቴን አውጥቻለሁ።»

ቴዳ ስልኩን ተቀበለች። ማስተካከያ ውስጥ ገባች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት … አዳራሹ ሁሉ አብሯት ቆጠረ … ሰባት! ዝርዝሩ ወጣ። ማብሪያዋን ነካቻት። ታዘዘች።

«እሰይ!» አለ ኤኖ፣ መመሪያውን ትቶ።

ቀሪው የቴዳ ሥራ ነው። ላፕቶፑን ከፈተች፣ ገመዱን ሰካች፣ የድሮውን ነቀለች፣ አዲሱን ጫነች። ሰውየው መሄድ ሲችል ካፖርቱን አውልቆ በስድስተኛው ዙር የተቀዳ ሻይ እየጠጣ አብሮ ጠበቀ። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። ስልኩ ዳግም ሲበራ ስም አልጠየቀም፣ አካውንት አልጠየቀም፤ ባዶ ገጽ ብቻ አሳየ። ቴዳ ለኢንሳ ሰጠቻት። «ይህን ስልክ ማንም አላዘጋጀልሽም። ፓስዎርዱን አንቺ ታወጪለታለሽ፣ እኔም አላውቀውም። ካርታው ይኸው፣ የሥራ ዝርዝርሽም እዚህ ይገባል። አፉን ዘግቼዋለሁ።»

ኢንሳ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ ቴዳን አንገቷን አቀፈቻት፣ ሻንጣዋን አነሣች፣ ወጣች።

ረቡዕ ዕለት ቴዳ ከቤት አልወጣችም። ኤኖ ቧንቧሽ ያንጠባጥባል ብሎ ጠዋት መጣ፤ ቧንቧው አላንጠባጠበም፣ እሱም የቧንቧ ቁልፉን ይዞ ወጥ ቤት ውስጥ ሲንጎራደድ ዋለ። ባቡሩ በሦስት ሰዓት ሄዷል። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስምንት ሆነ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን የባለ ሽቦው ስልክ ጮኸ። ኤኖ ተወርውሮ ሊያነሣ ሲል ቴዳ በክርኗ ገፋችው።

«ሄሎ?»

«ወይዘሮ ቴዳ፣ እኔ ነኝ። ደርሻለሁ።»

«ተመስገን! ስልኩስ?»

«ይሠራል። የነገ ጠዋቱ አድራሻ አሁን ደረሰኝ፤ አንድ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ጋ ነው የምጀምረው።»  ከኋላዋ ሰው ይተላለፋል፣ የሆነ ቦታ ደወል ይደወላል። «ወይዘሮ ቴዳ … የት እንዳለሁ ግን አልነግርዎትም። ይቀየሙኝ ይሆን? ለእርስዎም ቢሆን አልነግርም።»

 ቴዳ ጆሮዋ ላይ ያለውን እጀታ ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

«ጎሽ!» አለች። «ጎሽ የኔ ልጅ! ጎሽ!»

ስልኩን ዘጋች። ኤኖ የቧንቧ ቁልፉን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

«ደረሰች?»

«ደረሰች።»

«እሰይ! የት ነው ያለችው?»

ቴዳ ኦልትማንስ ቀሚሷን አስተካከለች፣ አንገቷን ቀና አደረገች፤ በስድሳ ስምንት ዓመት ዕድሜዋ ይህችን ቃል እንዲህ ኮርታ ተናግራት አታውቅም።

«አላውቅም» አለች።